የቆመ መኪና የተጠበቀ መኪና አይደለም

ባለፈው ሰሞን ቮልስ ሊገዛ የተነሣ ወዳጄን ተከትዬ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ግቢ ገባሁ። ባለቤቱ ሸራውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ገለጠው። ከሥሩ የወጣችው መኪና በእውነት ታምራለች። ቀለሟ የፋብሪካው ነው፤ የመቀመጫዋ ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። ሻጩ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በጣቱ እያሳየ፣ «41 ሺህ ብቻ ናት። ንክኪ የላትም። አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ቦታ ፈቅ አላለችም» አለን። የመጨረሻውን ቃል ከሁሉም ጎላ አድርጎ ነው የተናገረው። ወዳጄ ፊቱ በራ። እኔ ግን ልቤ አዘነ፤ እሱ የሰማው የጤንነት ምስክር ወረቀት ሲሆን እኔ የሰማሁት የአሥራ አንድ ዓመት የሕመም ታሪክ ነበር።

በከተማችን ብቻ ሳይሆን በአገሩ ሁሉ ሥር የሰደደ እምነት አለ። የድሮ መኪና ዋጋው ባልሄደው መንገድ ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይከበራል፤ ባልተነካ መጠን «ተጠብቋል» ይባላል። ጥሩ ባለቤት ማለት ሸራ የሚያለብስ፣ በር የሚቆልፍና ልጆቹን «እንዳትነኩ» የሚል ሰው ነው። ይህ እምነት ስሕተት ነው እላለሁ። ስሕተት ብቻም አይደለም፤ በጥበቃ ስም ቅርሳችንን እያጠፋ ነው። የድሮ መኪና የሚጠበቀው በመነዳት፣ በመፈታትና በመገጠም ነው። ከብረቱ እኩል፣ ምናልባትም ከብረቱ በላይ መጠበቅ ያለበት ብረቱን የሚያውቀው እጅ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የገዛ ቤቴ ነው። አባቴ ቮልስዋገን 1300 ነበረው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ያደርሰዋል፤ እሑድ ደግሞ እኛን ጭኖ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ይወስደናል። ሲሞት እናቴ፣ «የአባታችሁ ማስታወሻ ናት፤ ማንም እንዳይነካት» አለች። ትእዛዟን በፍቅር ፈጸምን። ሸራ ገዛን፤ ጥላ ሠራንላት፤ በየበዓሉ ከላይ ያለውን አቧራ እያራገፍን ለእንግዳ አሳየናት። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ መጥተው ከፈቷት። ጋኑ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ቀላል ቀላሉ ተኖ ከታች እንደ ሙጫ ያለ ቡናማ ዝቃጭ ቀርቷል፤ ካርቡራተሩ በዚያው ተደፍኗል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው የፍሬኑ ፒስተኖች ከውስጥ ዝገው በቦታቸው ነክሰዋል። ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ስላለቀ የፒስተኑ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ጎማዎቹ በአንድ በኩል ጠፍጥፈው ተሰነጣጥቀዋል። የበርና የመስታወት ጎሚኒዎቹ በእጅ ሲነኳቸው እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራሉ። ሞተሩን በአየር የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ሽፋን ሲያነሡት ደግሞ አይጥ ጎጆዋን ሠርታበታለች። ውኃ የሌለው፣ ራዲያተር የማያውቅ ሞተር ሕይወቱ ያ የአየር መተላለፊያ ነው። ሌላውን ጠግነን ይህን ሳናይ አስነሥተናት ቢሆን ኖሮ በራሷ ሙቀት ትቃጠል ነበር።

መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ይህች መኪና አባትህ ዘመኑን ሁሉ ሲነዳት ያልደረሰባት ጉዳት እናንተ ስትጠብቋት ደረሰባት» አሉኝ። ያን ቃል ያለ ሕመም አስታውሼው አላውቅም።

ሰው የማይኖርበት ቤት ቶሎ እንደሚፈርስ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ጭስ ያልነካው ጣሪያ በምስጥ ይበላል፤ እግር ያልረገጠው ወለል ይሰነጠቃል። መኪናም እንዲሁ ነው። ዘይት ወደየቦታው የሚደርሰው ሞተር ሲዞር ነው። ጎሚኒ ልስላሴው የሚቆየው ሲንቀሳቀስና ሲረጥብ ነው። ባትሪ በሕይወት የሚኖረው በየጊዜው ሲሞላ ነው። በተለይ የእኛ ከተማ ይህን ልታውቅ ይገባት ነበር። ድሬ ዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሞቃትና ደረቅ ከተማ ናት። ደረቅ አየሯ ለላሜራ በጎ ነው፤ አዲስ አበባ ክረምቱ የሚበላውን የመኪና ወለል እዚህ ለብዙ ዓመት ያቆየዋል። ያው አየር ለጎሚኒ፣ ለጎማና ለመቀመጫ ስፌት ክፉ ነው። ሸራ አልብሰን ቆርቆሮው ሲያብረቀርቅ ስናይ የምንታለለው ለዚህ ነው፤ የሚታየው ድኖ የማይታየው እየሞተ ነው።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ ሻጩ በጣቱ ያሳየን እሱን ነውና። የአብዛኞቹ የድሮ ቮልሶች ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ነው ያለው። 99,999 ሲሞላ ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። 41 ሺህ የሚለው 141 ሺህ ሊሆን ይችላል፤ 241 ሺህም ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው የሚዞረው ደግሞ ከፊት ከግራው ጎማ በሚነሣ ቀጭን ኬብል ነው። ኬብሉ ሲበጠስ ቁጥሩ ይቆማል፤ መኪናው ግን መንገዱን ይቀጥላል። ኬብል ተበጥሶበት ለዓመታት የተነዳ ቮልስ ያላየ የድሬ መካኒክ አላውቅም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር እንዴት የክብር ሚዛን ይሆናል? የመኪናን እውነተኛ ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ቫልቩ መቼ ተስተካከለ? የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ማን ፈታት? ማንስ ገጠማት? ለእነዚህ መልስ ያለው 200 ሺህ የሄደ መኪና፣ መልስ ከሌለው 41 ሺህ ይልቅ የተጠበቀ ነው።

ማስረጃ የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ወደ ሐረር የሚያወጣውን መንገድ ይመልከት። የፔጆ 404ን ሰማያዊ ታክሲዎች የማያውቅ የምሥራቅ ሰው የለም። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣ፤ መልኩን የነደፈው የኢጣሊያው ፒኒንፋሪና ነው። በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አሸንፏል፤ አቧራና ድንጋይ ፈጽሞ አያስፈራውም ነበር። አውቶሞቢሉን ፈረንሳይ ውስጥ ማምረቱ በ1975 ቆመ። የእኛዎቹ ግን ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰውና ጓዝ ጭነው ሠሩ። ያቆያቸው ሸራ አልነበረም። በየማታው ኮፈናቸው የሚከፈት፣ ባትላሜራው በየጊዜው የሚቀጠቅጣቸው፣ ኩሽኔታቸው ሳይጮኽ የሚቀየርላቸው ስለነበሩ ነው የቆዩት። አንድ ሾፌር ሲያረጅ ረዳቱ መሪውን ይረከባል፤ አንድ መካኒክ ሲደክም ቁልፍ ያቀብለው የነበረው ልጅ በቦታው ይቆማል። ይህ ሰንሰለት ነው መኪናውን ያኖረው። ከሁለቱ የትኛው ነው የተጠበቀው? ደንገጎን ሺህ ጊዜ የወጣው ፔጆ ወይስ ከሸራ ሥር የደረቀው ቮልስ?

ከመኪናም የሚበልጥ ምስክር አለን፤ እሱም ባቡሩ ነው። ከተማችን የተወለደችው ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ድሬ የባቡሩ ጥገና ማእከል በመሆኗ የብረት ሥራ ትምህርት ቤት ሆነች። ቶርኖ የሚያዞር፣ የሚበይድ፣ የጠፋ ዕቃ በልኩ ቀርጾ የሚያወጣ ሠራተኛ የፈለቀው ከዚያ ወርክሾፕ ነው። የከተማችን ጋራዦች ብዙ ዕውቀታቸውን ያገኙት ከዚያ ግቢ በር ከወጡ ሰዎች ነው። የአባቴን ቮልስ ያዳኑት ሽማግሌም የዚያ ፍሬ ናቸው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መምጣቱ መልካም ነው። በለገሃር የቀሩትን የድሮ ባቡሮች ግን ሂዱና እዩ። ብረቱ አለ። እነዚያን ሞተሮች በጆሮው ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ባቡር ሲቆም መጀመሪያ የሚዝገው ሐዲዱ ሳይሆን ዕውቀቱ መሆኑን ከድሬ ሕዝብ በላይ የሚያውቅ የለም። ያንኑ ስሕተት በትንንሾቹ መኪኖች ላይ ለምን እንደግማለን?

እዚህ ላይ የሌላው ወገን ጠንካራ ክርክር ይነሣል፤ ሳልመልስለት ባልፍ አግባብ አይሆንም። «መኪና ዛሬ ሀብት ነው» ይሉኛል። እውነት አላቸው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ገንዘቡ በእጁ እየቀለለ ያየ ሰው የማይቀልል ነገር መፈለጉ አይፈረድበትም። ሌላ አገር አንድ ፋብሪካ «ይህን ያህል ብቻ እሠራለሁ» ብሎ ቁጥር ሲወስን መኪናው ብርቅ ይሆናል። ቮልስዋገን ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዎቹን 3,000 መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2003 ለይቶ እንዳወጣው ማለት ነው። በእኛ አገር ቁጥሩን የወሰኑት ሕግና ዘመን ናቸው። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት ቮልሶች፣ ፊያት 600ዎችና ፔጆዎች ያሉት ብቻ ናቸው፤ ሌላ አይመጣም።

ከዚህ እውነት ግን የተሳሳተ መደምደሚያ ተወሰደ፤ «እንግዲያው እንደ ወርቅ እንቆልፈው» ተባለ። ወርቅ መቶ ዓመት ቢቀበር ወርቅ ሆኖ ይወጣል። መኪና ግን በየቀኑ ከራሱ ጋር የሚታገል የብረት፣ የጎማ፣ የዘይትና የመስታወት ስብስብ ነው። ቆልፎ የሚያስቀምጠው ሰው ሀብቱን አላዳነም፤ ኪሳራውን ከዓይኑ ሸሸገ እንጂ። ደግሞም ሌላ የማይመጣ ከሆነ ብርቁ ነገር መኪናው ብቻ አይደለም፤ የሚያድነው መካኒክም ብርቅ ነው። መቶ ቮልስ ተቆልፎ ቢቀመጥ መካኒኩ ምን ይሠራል? ባጃጅ ይጠግናል። ልጁ ካርቡራተር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያድጋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሸራው ሲገለጥ «ንክኪ የሌላት» መኪና ትገኛለች፤ የሚነካት ሰው ግን አይገኝም።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የጠለቀ ነው። «የመጀመሪያው ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጀመሪያ የሚሆነው፤ ብትነዳው ይጫራል፤ ብትጋጭ ያልቅለታል» ይላሉ። ይህን አከብራለሁ። ሳይነኩ የቀሩ ጥቂት መኪኖች እንደ መዝገብ ያስፈልጋሉ፤ የወደፊቱ ሠራተኛ ትክክለኛው ስፌት፣ ትክክለኛው ብሎን ምን ይመስል እንደነበር ከእነሱ ያያል። የመጨረሻው ቮልስ፣ 21,529,464ኛው፣ ቮልፍስቡርግ በሚገኝ ሙዚየም ያረፈው ለዚህ ነው። ሙዚየም ግን ሠራተኛ አለው፤ መዝገብ አለው፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ሕንጻ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዚያ አንድ መኪና ጀርባ ዕውቀቱን ሕያው ያደረጉ፣ በመላው ዓለም የሚነዱ እልፍ አእላፍ ወንድሞች አሉት። የከዚራ ጓሮ ሙዚየም አይደለም። ጥላና ሸራ ሙዚየም አያደርጉትም። ታሪካዊ ተሽከርካሪዎችን የሚጠብቁ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የቱሪን ቻርተር የእነዚህን መኪኖች በመንገድ ላይ መነዳት የጥበቃው አካል አድርጎ ነው የተቀበለው። ሥራቸው ጥበቃ የሆነ ሰዎች የደረሱበት መደምደሚያ ይኸው ነው።

የራሳችን ታሪክም ይህንኑ ይላል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነው። ያን ሁሉ ውድ መኪና በግቢያቸው ለነበራቸው ንጉሥ የቀረበችው ትንሿ መኪና ናት። ያች ቮልስ ታሪክ ውስጥ የገባችው ተሸፍና ስለተቀመጠች አይደለም፤ በዚያ ጧት ተነሥታ መንገድ ላይ ስለነበረች ነው። የእነዚህ መኪኖች ክብር ሁሉ የመጣው ከሥራ ነው፦ ሙሽራ ከማጓጓዝ፣ ምጥ የያዛትን እናት ሆስፒታል ከማድረስ፣ መምህርን ትምህርት ቤት ከማድረስ። ይህን ሁሉ ነጥቀን ቁጥሩን ብቻ ብናወድስ መኪናውን ያከበርን መስሎን ሕይወቱን ካድን።

በየቀኑ ንዱ፣ ባጃጅን በቮልስ ተኩ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ለዕለት ሥራ አዲሱና ጭስ የሌለው ይምጣ። እኔ የምለው መጠነኛ ነገር ነው። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን፣ ድሬ ሳትግል፣ መኪናው ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ ይነዳ፤ ቆሞ ማስጮህ መንዳት አይደለም፤ ማርሹም ፍሬኑም አይሠሩምና። ቤንዚኑ በጋኑ ውስጥ አያርጅ። የፍሬን ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። በየጊዜው የተሠራው ሁሉ ከሊብሬው ጋር በሚቀመጥ ደብተር ይጻፍ፤ ያ ደብተር ነው እውነተኛው ቆጣሪ። ሻጭና ገዢም ከቁጥሩ በፊት ደብተሩን ይጠይቁ። መኪናው በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አንድ ወጣት አጠገቡ ይቁም። የከተማችን የሙያ ማሠልጠኛዎች የካርቡራተርና የባትላሜራ ሥራን ጊዜው እንዳለፈበት ነገር ሳይሆን እንደ ከተማችን ቅርስ ያስተምሩ። ባለመኪኖቹም በዓመት አንድ ቀን ለገሃር ፊት ይሰብሰቡ፤ መኪኖቹ ግን ተጭነው ሳይሆን በገዛ ሞተራቸው ይምጡ።

የአባቴ ቮልስ ዛሬ ትነዳለች። አሥር ወር ፈጅቶብናል። ቀለሟ ሁለት ቦታ ተነክቷል፤ ፓራፋንጎዋ ላይ ስቱኮ አለ፤ ፋሻዋም ፍሬኗም አዲስ ነው። በሻጩ ሚዛን ዋጋዋ ወርዷል። የቮልስ ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በድሬ ደግሞ ቀዝቃዛ ሞተር የሚገኘው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ገና ጨለማ ሳለ የአሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ወር ግን መብራቱን ይዘው ዳር ቆሙ እንጂ ቁልፉን አልነኩም። ልጁ ጎንበስ ብሎ በመለኪያው ስስ ብረት ክፍተቱን ዳሰሰ፤ ብሎኑን አጠበቀ፤ ተነሥቶም፣ «አባባ፣ ያስነሡት» አለ። አስነሡት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያም ምንም ሳይናገሩ የመፍቻ ሣጥናቸውን ለልጁ አሸከሙት።

ወዳጄ ያቺን የከዚራ ቮልስ ገዝቷታል። ሸራውን ግን እዚያው ለሻጩ እንዲተው ለምኜዋለሁ።